ጃንጥላው ሽመላ

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ከዚያች አገር ሆኜ ነው። የትኛዋ እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እኔና አንተ በሕይወታችን ያለችን ሩቅ አገር አንዲት ብቻ ናት። አንተ ሙዚየሙ ምድር ቤት ቁጭ ብለህ የወፎቿን ቆዳ ስትሞላ፣ እኔ ፎቅ ላይ መሰላል ላይ ቆሜ ከወፎቹ ጀርባ የሚሆነውን ሐይቋን ግድግዳው ላይ ስቀባ፣ አንዳችንም ረግጠናት አናውቅም ነበር። አሁን እኔ ረግጫታለሁ። ከመጣሁ ሦስተኛውን ወር ይዣለሁ፤ ጫማዬ ውስጥ የገባው ጨው እስካሁን አልወጣ ብሎኛል።

ዐሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ጽፌልህ ስለማላውቅ፣ ፖስታውን ስታይ ሰው የሞተ እንዳይመስልህ። ሁላችንም ደህና ነን።

የላከኝ ሙዚየሙ ነው። የሩቅ አገሩን አዳራሽ እንደገና ሊሠሩት ነው። ዳይሬክተራችን አሁንም እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ፀጉራቸው ሳስቷል እንጂ ቁጣቸው ያው ነው። “ሂጂና በዓይንሽ አይተሽ ነይ፤ ከእንግዲህ ከፎቶግራፍ አንቀዳም” አሉኝ። ለአራት ወር ቀለሜንና ብሩሽ ሣጥኔን ይዤ መጣሁ።

መጀመሪያ አገሩን ልንገርህ። የኔን ነገር መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ። ታውቀኛለህ፤ የሚያስጠላኝን ምግብ ሳህኑ ጥግ ገፋ አድርጌ በመጨረሻ ነው የምበላው።

ከትልቁ ከተማ ተነስቶ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል። በመጀመሪያው ቀን ተራራ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ አጭር ሣር፣ በየጥጉ የሚፏፏ ምንጭ። እነዚያ ምንጮች ተሰብስበው አንድ ወንዝ ይሆናሉ። ወንዙ ላይኛው አገር ሲያዩት ድልድይ የሚነቅል ጉልበተኛ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን አገሩ ሜዳ ይሆንና ወንዙም እየተከፋፈለ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ባሕር ድረስ አይደርስም። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይተኛና እዚያው ይቀራል። ያ የተኛበት ቦታ ነው የኛ ሐይቅ። ከዓመቱ ሰባቱን ወር አንድ ጭልፋ ውሃ የለበትም፤ ሰዎቹ ግን ባዶም ሆነ ሙሉ ሐይቅ ነው የሚሉት።

የደረስኩት በደረቁ ወቅት ማብቂያ ላይ ነበር። እኔ የሳልኩት ሐይቅ ይኸው ደረቁ ስለሆነ፣ ዕቃዬን እንኳ ሳልፈታ ለማየት ሮጥኩ። ጋሼ፣ ጨው ነጭ አይደለም። ብዙ ጊዜ የታጠበ የሆስፒታል አንሶላ መልክ ነው ያለው፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ስንጥቁስ ብትል! በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ፣ ቀጥ ቀጥ አድርጌ ያሰመርኩት ስንጥቅ እዚህ የለም። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ወደ ላይ ተጠቅልሏል። አንዱን ብረግጠው ተንኮሻኮሸ። ያን ሁሉ የደከምኩበት ደረቅ ሐይቅ፣ ደረቅነቱ እንኳ ልክ አልነበረም። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ።

የማርፈው ሐይቁ ዳር ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። የቤቱን ባለቤት “ቆጣሪዋ” ይሏታል፤ ሥራዋ ለመንግሥት ወፍ መቁጠር ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ነገር የምታውቅ ሴት ናት። በአውራ ጣቷ እየተጫነች የምትቆጥርባት ትንሽ የብረት መቁጠሪያ አለቻት፤ ሻይ ስትጠጣ እንኳ ከእጇ አትለይም። አንቱ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን የምንግባባው ሁለታችንም አስተካክለን በማንችለው ሦስተኛ ቋንቋ ነው፣ አንቱታም የለውም። ለመዋሸት የሚሆን ቃልም አይበቃንም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስዕል እየሠራሁ አብሬያት ደጅ እቀመጥ ነበር።

“ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትጠብቂው?” አልኳት።

“ውሃዋን።”

“ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል።”

“ከሰማይ ትመጣለች ማን አለሽ? በእግሯ ነው የምትመጣው።”

እውነቷን ነው። ሁለት ቀን ርቆ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ በሜዳው ጫፍ አንድ ቡናማ መስመር ታየ። መስመሩ ቀረበ። ከፊቱ ገለባ፣ አረፋና የደረቀ ኩበት እየገፋ፣ ጉንዳኑን ሁሉ እያስደነገጠ፣ በሰው እርምጃ ልክ ይመጣል። ልስለው ብዬ ቆምኩ። “ነይ ውጪ አንቺ ሴትዮ!” ብላ ጮኸችብኝ። “አትሮጥም፣ ግን አትቆምም!” ወረቀቴን ታቅፌ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ውሃው ጫማዬን እየነካ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አብረን ተጓዝን። በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ ሜዳው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጭቃው ተናገረ። ከሥሩ እንቁራሪቶች ወጡ፤ ሰባት ወር እዚያ ታች ተኝተው ውሃ ሲጠብቁ የነበሩ፣ ዓይናቸው ላይ አፈር ያለባቸው፣ በጣም የተናደዱ የሚመስሉ። ዓሣውም ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መጣ። ጉድጓዷ የተጥለቀለቀባት ቀበሮ ልጆቿን አንድ በአንድ በአንገታቸው ይዛ ወደ ኮረብታው ስታዛውር አየሁ፤ ጅራቷ ሙዚየሙ ውስጥ አንተ እንደሠራኸው ቀበሮ ረጅም ነው።

ኤሊም አለ። አንተ ከሄድክ በኋላ በአዳራሹ መስታወት ሣጥን ውስጥ በወፎችህ ፋንታ ከመጋዘን አውጥተን ያስቀመጥናትን ኤሊ አስታውሼ፣ “ኤሊ በደረቁ ጊዜ ሐይቁ መሃል ይገባል?” ብዬ ቆጣሪዋን ጠየቅኳት።

“ምን ሊሠራ ይገባል?” አለችኝ። “እንዳንቺ ሥራ ፈት ነው እንዴ?”

ስለዚህ ያቺ ኤሊም ስህተት ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ያይዋታል።

ውሃው በመጣ በዘጠነኛው ቀን ሽመላዎቹ መጡ። በመጀመሪያ አርባ ሆነው ነበር፤ በሳምንቱ የቆጣሪዋ መቁጠሪያ ማረፊያ አጣ። ውሃ የከበባቸው ቁጥቋጦዎች ላይ ጎጆ ሠሩ፣ እንቁላል ጣሉ። እኔም በየቀኑ ከደጃፉ ሆኜ በቆጣሪዋ የሩቅ ማያ መነጽር ያንዱን ጎጆ ኑሮ ስስል ከረምኩ። ባለፈው ወር መጨረሻ ጫጩት ተፈለፈለ። በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላ የሚባል ነገር በሌለበት ሰዓት፣ አባትየው ጎጆው ላይ ተነስቶ ቆመ። ጀርባውን ለፀሐይ ሰጠ። ሁለቱን ክንፎቹን በግማሽ ዘረጋ፣ አንገቱን ደፋ፣ አፉን ከፈተ። ጫጩቶቹ እግሩ ሥር ጥላ ውስጥ ተኙ። እናትየዋ ውሃው ውስጥ ቆማ በአፏ ትሞላና ልጆቿ ላይ ታፈስላቸዋለች። እሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ጃንጥላው ነው ጋሼ። ራሱ ነው። ያንተ ጃንጥላ።

መነጽሩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ይህን የምነግርህ ልታዝንልኝ ሳይሆን የሆነውን ሁሉ ልጽፍልህ ስለቆረጥኩ ነው።

ክንፉን በግማሽ ዘርግተህ ባቆምከው ሽመላ ይስቁብህ የነበሩትን አስታወስኩ። “ዝናብ የለ፣ ጃንጥላ ምን ይሠራል?” ያሉት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ስሙን ግን ሠራተኛው ሁሉ ነው ያጸደቀው፣ እኔም ጭምር። አንተ ግን ወፉን ጠረጴዛህ ላይ ገልብጠህ፣ “እይው፣ የትከሻው ላባ ብቻ በፀሐይ ነጥቷል፤ ይህ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነው የከረመው” ብለኸኝ ነበር። ካንድ የነጣ ላባ ተነስተህ፣ አገሩን ሳታይ፣ እዚህ ያየሁትን ሁሉ አግኝተኸው ኖሯል።

እንግዲህ የሳህኑን ጥግ ልብላ።

መለያው እኔ ጋ ነው። ታውቃለህ። አንተ ሳትናገር የኖርከውን ያህል፣ እኔ እንዳላወቅሁ ለመሆን ዐሥራ አንድ ዓመት ደክሜያለሁ።

አራቱ ሽመላዎች፣ ሁለቱ ትልልቅና ሁለቱ ጫጩት፣ በአንድ ሣጥን፣ በአንድ መለያ ነው የመጡት። የተያዙበት ቦታና ወር የተጻፈበት ያ ብጫ ካርቶን ነበር መታወቂያቸው። “መለያው የጠፋ ወፍ ትራስ ነው” እያልክ አዲስ ሠራተኛ የምታስፈራራው አንተው ነህ። ለኔ የምትጽፈው ነገር ሲኖርህ ግን ወረቀት ፍለጋ አትነሳም፤ እጅህ የገባውን መለያ ገልብጠህ ጀርባው ላይ ትጽፍና በሻይ ትሪ ፎቅ ድረስ ትልክልኛለህ። “ጭራሮ፣ ምሳ ደርሷል።” “ጭራሮ፣ ቁጥቋጦውን ወደ ግራ፤ ጅራቱ አልበቃ አለኝ።” እኔም አንብቤ ከባዶው ብርጭቆ ጋር እመልስልሃለሁ። ያንን አንዱን ብቻ አልመለስኩም።

እንዲህ ይላል፣ አሁንም ፊቴ ነው፦ “ጭራሮ፣ ጀርባውን እይው። እኛ በጋ ስንሆን እነሱ ጋ ክረምት ነው። ወፎቹ የተያዙት ውሃ ሲሞላ ነው። ሐይቁን አትጨርሺው፣ ውሃ ይግባበት። መለያውን መልሺልኝ።”

ሲደርሰኝ የመጨረሻውን ስንጥቅ ጨርሼ መሰላሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። አንዳንዴ ለራሴ “ረስቼው ነው” እላለሁ። አልረሳሁትም። ስንፍናም አይደለም። ቅናት ነው ጋሼ። ሰው አዳራሽ ሲገባ “ወይ ነብሩ! ወይ ንስሩ!” ይላል እንጂ፣ “ወይ ተራራው!” ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በየስብሰባው “የሱ እህት” ነበርኩ። ያን ደረቅ ሐይቅ ግን ዘበኛው ሳይቀር ቆሞ አይቶ፣ “ይሄ ነገር እኮ ያስጠማል” ብሎኝ ነበር። አራት ወር የደከምኩበትን፣ በሕይወቴ ያማረልኝን አንድ ነገር፣ ላንተ ወፎች ብዬ በውሃ ላጥበው? መለያውን ብሩሽ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ከተትኩት። ስትጠይቀኝም “እሺ፣ አየዋለሁ” አልኩህ፤ አንተም አመንከኝ፤ ወፎቹን ስታስገባ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ የአዳራሹ ምረቃ ቀን መጣ። ከዚህች አገር የመጣው እንግዳ፣ ያ ትሑት የጂኦግራፊ መምህር፣ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆየ። “ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ወፎቹም ግሩም ናቸው” አለ። “ግን አብረው አይኖሩም። እኛ አገር ሽመላ የሚፈለፍለው ሐይቁ ሲሞላ ነው።” ሰው ሁሉ ሳቀ። በነጋታው ዳይሬክተሩ ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠሩን።

“ወፎቹ በየትኛው ወቅት ነው የተያዙት?” ብለው አንተን ጠየቁህ።

“በክረምት። የነሱ ክረምት የኛ በጋ ነው።”

“በምን አወቅክ?”

“መለያው ላይ አለ።”

“የታለ መለያው?”

አንተ እኔን አየኸኝ። እኔ የጠረጴዛቸውን እግር አየሁ።

“አንቺስ? ነግሮሽ ነበር?”

“አልነገረኝም” አልኩ። “የነገረኝ ሰው የለም።”

አውራ ጣትህ ላይ የደረቀ ሙጫ ነበር፤ በሌላው እጅህ ጥፍር ትልጠው ጀመር። ከዚያ፣ “እንግዲያው ወፎቹን ላንሳቸው?” ብለህ ካርቶን ለማምጣት ወጣህ። “ብሩሽ ሣጥኗን አስከፍቷት” ብትል አልቆልኝ ነበር። አላልክም። ለምን እንዳላልክ ዛሬም አልገባኝም፤ ገብቶኝም ከሆነ ደፍሬ አላሰብኩትም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡህ፣ ቲኬት መስኮት ላይ አስቀመጡህ። በሦስተኛው ሳምንት ለቀህ ሌላ ከተማ ገባህ፤ ሶፋ መሥራት ጀመርክ። እኔን የክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ። እናታችን የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንተ ስለ ስፖንጅ ዓይነት ለጎረቤት ታስረዳለህ። ልነግርህ ነበር የዚያን ጊዜ። አጠገቤ መጥተህ፣ “ቀለም አሁንም ከዚያው ሱቅ ነው የምትገዢው?” አልከኝ። “አዎ” አልኩህ።

ጃንጥላውን ያየሁ ዕለት ይህን ሁሉ ለቆጣሪዋ ነገርኳት። በዚያች ጎደሎ ቋንቋ “ቅናት” የሚለውን ቃል ስላጣሁት፣ “የሱን ነገር ፈለግኩ” አልኳት። እሷም እንዲህ አለች፦

“እኔ አንድ ዓመት ሁለት ሺህ ወፍ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነበር። መንግሥት ደስ ብሎት ሸለመኝ።”

“ከዚያስ?”

“ሦስት ዓመት በተሳሳተው ቁጥር ላይ ስደምር ቆየሁ። ከዚያ ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩት።”

“ምን አለሽ?”

“ምን ይላል? ‘ሽልማቱን መልሺና እንደገና ቁጠሪ’ አለኝ።”

የፖስታ መኪና እዚህ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሳምንት ለዳይሬክተሩ ጻፍኩ። መለያው ከእንግዲህ የሚመለሰው ለእሳቸው ነው፤ ይህን ደብዳቤ ስጨርስ መለያውን ለጻፍኩላቸው ማስረጃ አድርጌ በዛሬው መኪና እልክላቸዋለሁ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ግን ቀድሞ ደርሷቸዋል። ላንተ ዘግይቼ የጻፍኩት አውቄ ነው። መጀመሪያ ብነግርህ፣ “ተይው ጭራሮ፣ ያለፈ ነገር ነው” ትለኛለህ። እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ።

ሐይቁን በውሃ እንደምቀባው፣ ወፎችህ ከመጋዘን ካልወጡና ግድግዳው ላይ ስምህ ካልተጻፈ ግን ብሩሽ እንደማላነሳ ነግሬያቸዋለሁ። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ቢያባርሩኝ አይገርመኝም፤ ቢያዝኑልኝ ደግሞ የቲኬቷ መስኮት አሁንም አለች።

ከመምጣቴ በፊት መጋዘን ገብቼ አይቻቸዋለሁ። ብል አልነካቸውም። የጃንጥላው ግራ ክንፍ ብቻ ከመገጣጠሚያው ተላቋል፤ ሲያዛውሩ ጥለውት ነው። ከዚህ ጋር ሰባት ሥዕል ልኬልሃለሁ፣ ሁሉም የግራ ክንፍ ነው። ስታያቸው ያንተን ወፍ የሳልኩ ይመስልሃል፤ ሁሉንም ያነሳሁት ግን ከዚህኛው ከሕያው ነው። በአንድ ነገር ተሳስተሃል፦ አፉን ትንሽ አብዝተህ ከፍተኸዋል። ይህችን እንኳ ካላወጣሁብህ እህትህ አይደለሁም።

ናልኝ አልልህም፤ የማለት መብትም የለኝም። የሰው ሶፋ ይዘህም ይሆናል። እሳቸው እሺ ካሉ ግን ግድግዳውን ነጭ ቀብቼ እጠብቃለሁ፤ እናትየዋን የት እንደምታቆማት፣ ውሃው እግሯን እስከ ምን ድረስ እንደሚይዛት ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ካልመጣህ እሱኑ ብቻ በካርቶን ጀርባ ጻፍና ላክልኝ።

አንብቤ እመልስልሃለሁ።

እህትህ
ጭራሮ